ኬላ ላይ ማን ይውረድ? የተመረጠ ሰው ወይስ ሁሉም?

የክርክሩ መሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። ከድሬ ስንወጣም ስንገባም ኬላ አለ። ፈታሾች ሰውን በመልኩ፣ በቋንቋው ወይም በመታወቂያው እየመረጡ ያውርዱ? ወይስ ሁሉም ይፈተሽ? ስድብ የለም አቦ።

የሳቢያኑ ሹፌር፦ ይመረጥ። ሙሉ ሚኒባስ አውርዶ ሻንጣ ሁሉ ማስፈታት ቀኑን ይበላዋል። መሣሪያ የሚያመላልስ ሰው ደግሞ ያስታውቃል። ነገ አንድ ነገር ቢፈነዳ ለልጆቻችሁ ምን ልትሏቸው ነው?

የመጋላዋ፦ "ያስታውቃል" ስትል በምኑ? እናቴ አማርኛ ስትናገር ሶማልኛዋ ይሰማል። ሁሌ የምትወርደው እሷ ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የስኳር መድኃኒት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ በቋንቋ ልዩነት አይደረግም ይላል። አንብበው።

የከዚራው መምህር፦ ሹፌራችን በፍርሃታችን ገባ። አንቺ ደግሞ በእናትሽ አንጀታችንን በላሽው። ሁለቱም ልብ ይይዛሉ፣ ግን ምንም አያስረዱም። አንቀጽ 25 ግን ክርክር ነው። እሱን ማንም አልመለሰም።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ሁለቱም ወገን ለራሱ ይጠቅሰዋልና። በ1986 በፈረንጆቹ ለንደን ሂትሮው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት ወደ ቴል አቪቭ ልትበር ነበር። የእስራኤል አየር መንገድ የኤል አል ጠባቂዎች ስለ ጉዞዋ ጠየቋት፤ መልሷ አላረካቸውም። ሻንጣዋ ሥር ፈንጂ ተደብቆ ተገኘ። ፈንጂውን የሰጣት እጮኛዋ ነው፣ እሷ አታውቅም። እሱ 45 ዓመት ተፈረደበት። "ይመረጥ" ባዮች፣ ይኸው ተያዘች ይላሉ። ሌሎቹ፣ በመልክ ቢሆን ማን ይጠረጥራት ነበር ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ። ያስያዛት ጥያቄው ነው፤ ፊቷማ ያሳልፋት ነበር።

የሳቢያኑ ሹፌር፦ መምህር፣ አውሮፕላንና ሚኒባስ አንድ ነው እንዴ? እዚያ መንገደኛው ሰዓታት ቀድሞ ይመጣል። እዚህ ፈታሹ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሃያ መኪና ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ ሰው "ወዴት ነህ? ማን ዘንድ?" ሲል ይመሽበታል።

የገንደቆሬው፦ ኮንትሮባንዲስት ሞኝ አይደለም። ማን እንደማይፈተሽ ካወቀ ዕቃውን ለሱ ያስይዛል። ነጠላ የለበሰች እናት ታልፋለች ከተባለ ነጠላ ይለብሳላ! በመልክ መምረጥ ለሱ መንገድ ማሳየት ነው። ይልቅ ከአምስት መኪና አንዱ ይቁም፣ በቆመው ውስጥ ያለው ሁሉ ይፈተሽ።

የሳቢያኑ ሹፌር፦ እስከ አምስት መቁጠር ያቅተዋል እንዴ? ስድስተኛ ሆኖ ይመጣላ።

የከዚራው መምህር፦ እሱ እውነት ነው። እንግዲያው በዕጣ ይሁን።

የሳቢያኑ ሹፌር፦ በዕጣ ከሆነ እሺ፣ ሰዓቴንም አይበላብኝም። ግን ዕጣው እኔን ብቻ ሲያወጣ፣ ፈታሹ በዓይኑ መርጦ ይሁን በዕጣ ማን ያያል?

የመጋላዋ፦ እናቴም እኮ ስትወርድ የምትጠይቀው ይኼንኑ ነው። አንተ መሪህን ይዘህ ዝም ትላለህ።