ቤተ ጊዮርጊስን በጄሶ ልሠራ ነው፤ ላፍስሰው ወይስ ልጥረበው?

ማለዳ_3ኛ_ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ለታሪክ ኮርስ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በ1:100 ሞዴል እሠራለሁ፣ ከነጉድጓዱ። የክፍል ጓደኞቼ ካርቶን እየቆረጡ እየለጠፉ ነው። ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ግድግዳ በግድግዳ ገጥሜ አቆማለሁ? ስለዚህ ጄሶ መርጫለሁ።

ጥያቄዬ፦ ድፍን ብሎክ አፍስሼ ልቆፍረው ወይስ ሻጋታ ልሥራለት? ሕንጻ መሣሪያ ቤት የሚሸጠው የግድግዳ ጄሶስ ይሆናል? ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ኮምፔርሳቶ_ፒያሳ

ጄሶ ይዘሽ ታክሲ ስትገቢ ወያላው የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የሚጠይቅሽ። ካርቶን ይሻልሻል 😄

ባለጄሶው

ልጄ፣ እሱን አትስሚው። ሐሳብሽ ልክ ነው። የእኔ ሥራ የጣሪያ ጌጥ ነበር፤ ለሳሎን አበባና ጠርዝ በጄሶ ማፍሰስ። አሁን አሁን አርክቴክቶች ሞዴል ያሠሩኛል።

ድፍን ብሎክ አፍስሰሽ ልቆፍር እንዳትይ። ሕንጻው በስፋትም በከፍታም ወደ 12 ሜትር ይጠጋል፤ ለአንቺ 12 ሳንቲ ማለት ነው። በዙሪያው ባለው ጠባብ ክፍተት እጅሽ እንደ ልብ አይሠራም። ቁፋሮው ሁለቱን ሳምንት ይበላዋል።

ገልብጠሽ አፍስሺው። 30 በ30 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 15 የሆነ ሳጥን ከኮምፔርሳቶ ሥሪ። ወለሉ ላይ መስታወት አንጥፊ። መስታወቱ የመሬቱ ገጽ ነው፣ ጣሪያውም እዚያው ላይ ያርፋል። ጉድጓዱን በፎም ትሠሪዋለሽ፤ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ይበቃል። እየደራረብሽ 12 ሳንቲ አድርሺው። መሐሉን በመስቀል ቅርጽ አውጪው፣ ግን ከስዕልሽ በየጎኑ 3 ሚሊ አስፊው፤ በኋላ የምትጠርቢው እሱን ነው። ሕንጻው ባለ ሦስት ደረጃ መቆሚያ ላይ ስላለ፣ በላይኞቹ የፎም ንጣፎች ላይ የመስቀሉን ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ። ሲገለበጥ ደረጃ ይሆናል።

ፎሙን መስታወቱ ላይ በሲሊኮን አጥብቀሽ ለጥፊ። ካልያዘ ጄሶው ውስጥ ተንሳፍፎ ይወጣል። የሳጥኑን ማዕዘን በሲሊኮን ድፈኚ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀቢ፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን። ቫዝሊን ከበዛ ገጹ ይጎረብጣል። ገልብጦ የማፍሰስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የአየር ፊኛ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚታየው ፊት ደግሞ ታች ነው።

ልኩ፦ ወደ 7 ኪሎ ጄሶ፣ 5 ሊትር ውሃ። ሁልጊዜ ጄሶው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ጄሶው አይሄድም። በወንፊት እየነፋሽ በትኚው። ሳትነኪው ሁለት ደቂቃ ይጠጣ። ከዚያ እጅሽን ከውሃው ሳታወጪ ቀስ ብለሽ አማስዪ። እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን አፍስሺ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይቅር። በአንድ ጊዜ መፍሰስ ስላለበት ሰው ያዢ፤ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ሰው። ፈጥኖ እንዳይይዝብሽ ቁንጥር የሎሚ ጨው ውሃው ውስጥ ጨምሪ። የምግብ ጨው ግን ያፈጥነዋል። ያልታጠበ ባልዲም እንዲሁ፤ የደረቀ ፍርፋሪ ካለበት አዲሱን ያስይዘዋል።

የግድግዳ ጄሶ ይሆናል፣ ግን ከረጢቱ የቆየ እንዳይሆን። እርጥበት የጠጣ ጄሶ ዘግይቶ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይፈረፈራል። መጀመሪያ በአንድ ሲኒ ሞክሪው።

ሲይዝ ይሞቃል፣ አትደንግጪ። ሙቀቱ ሲወርድ ሳጥኑን ፍቺና ፎሙን በከተር አውጪ። የቀረውን አሴቶን ያቀልጠዋል፤ ውጪ፣ አየር ላይ። ከዚያ በዚያው ቀን መጥረብ ጀምሪ። ጄሶ ይዞ ግን እርጥብ እያለ ነው የሚታዘዝሽ። ከደረቀ በኋላ አቧራና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው የሚተርፍሽ። የተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ ድንጋይ ላይ ስለት አውጪለት፤ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ከጣሪያው መስቀሎች ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ጠራቢዎቹም የወረዱት እንደዚያው ከላይ ነው። የታችኞቹ መስኮቶች ድፍን ስለሆኑ ጫር ጫር ይበቃቸዋል።

ሳራ_ሽቱትጋርት

እኔ ሞዴል ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። የጋሼ አሠራር ያምራል፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ሕንጻውን ለብቻው ሥሪና ከጉድጓዱ እንዲወጣ አድርጊው። መምህራን ዙሪያውን ማየት ይፈልጋሉ፣ አንቺም ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሰሽ አትጠርቢም። ለሕንጻው ብቻ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ ጄሶ ፈልጊ። ለ100 ግራም 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው የሚፈልገው። ጠርዙ ቶሎ አይሸረፍም።

ባለጄሶው

ሳራ፣ ለወርክሾፕ ትክክል ነሽ። ልጅቷ ግን ካርቶኑን የተወችው ለምን ሆነና? ሕንጻው ተነቅሎ ከወጣ ያው የተገጠመ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ወለሉና ግድግዳው መገጣጠሚያ ሊኖራቸው አይገባም። ጠንካራው ጄሶ ለመጥረብም ያስቸግራታል፤ እሱ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ ሳይጠረብ ለሚቀር ሥራ ነው።

ማለዳ_3ኛ_ዓመት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ! ጋሼ፣ ገልብጬ ላፍስሰው። ቅዳሜ ባፈስ በሁለት ሳምንት ይደርቃል? ቀዩን የአለቱን ቀለምስ ልቀባው?

ባለጄሶው

ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው። ሁለት እንጨት ላይ አስቀምጪው፣ ከሥሩም አየር ይግባ፤ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጪው። ኦቨን ውስጥ እንዳታስገቢው! ከ50 ዲግሪ በላይ ከቆየ ጄሶው የያዘውን ውሃ መልቀቅ ይጀምርና ገጹ ዱቄት ይሆናል። 15 ሳንቲ ከፍታ ያለው ብሎክ በሁለት ሳምንት ውስጡ ድረስ ላይደርቅ ይችላል፣ ለማስረከብ ግን ይበቃል።

ቀለም አትቀቢ። እርጥብ ጄሶ ላይ ቀለም ይላጣል፣ የጠረብሽውንም ትንሽ ጠርዝ ይሞላዋል። ቀይ ካማረሽ ቀይ ኦክሳይድ ዱቄት ከማፍሰስሽ በፊት ውሃው ውስጥ በጥብጪ። ሲደርቅ እንደሚፈካ አስበሽ ትንሽ አጥቁሪው። እኔ ብሆን ነጩን እተወዋለሁ፤ ጥላው ጎልቶ የሚታየው ነጭ ላይ ነው።

ሳፋውን ደግሞ ሲንክ ላይ እንዳታጥቢው። ትርፉ ባልዲው ውስጥ ይድረቅና አራግፈሽ ጣይው።