ጥቆማ፦ ጥሩ ፈረስ በቀዘቀዘ ገበያ የት ይሸጣል?

ጠያቂ፣ ከትልሊ አካባቢ (አዊ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰባት ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ። ግንባሩ ቦቃ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰኮናው ጤነኛ ነው። ለጥር ጊዮርጊስ ተጋልቧል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ወጥቷል፤ ሰው መሐል አይደነብርም። የምሸጠው ጠልቼው አይደለም። ክረምቱ ገባ፣ መስከረም ሲጠባ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ አለ፣ የመኖው ዋጋም አልቻል አለኝ። ችግሩ ገበያ ባወጣሁት ቁጥር የሚሰጡኝ የጋሪ ፈረስ ዋጋ መሆኑ ነው። አንዱማ ጥርሱን እንኳ ሳያይ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «ስንት ኩንታል ይጎትታል?» አለኝ። ደላላ ልያዝ፣ በቴሌግራም ላውጣው፣ አዲስ አበባ ልላከው ወይስ እስከ ጥር ላቆየው? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ። ኮርቻና ልጓሙም አብረው አሉ።

መላሽ፣ ከእንጅባራ

ወንድሜ፣ እንደነገርከን ከሆነ ፈረስህ እንከን የለበትም፤ ያቀረብክበት ቦታ ነው ያልሆነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ መናኛው ፈረስ ትንሽ ዋጋ ቀንሶ ይሸጣል፤ የሚጭን የሚጎትት ፈላጊ አያጣምና። ጥሩውን ፈረስ የሚገዛው ግን ለክብሩና ለደስታው የሚጋልብ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ኑሮ ሲከብደው መጀመሪያ የሚያስተላልፈው ፈረስ መግዛትን ነው። በዚያ ላይ ባጃጅ የጋሪውን ሥራ እየወሰደ ስለሆነ ከጋሪ የተፈታው ፈረስ ሁሉ እዚያው ገበያ ላይ ከአንተው ጎን ይቆማል። በፋግታ ለኮማ በኩል ግጦሽ በነበረው ብዙ መሬት ላይ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበታል፤ ሁለት ፈረስ ያስር የነበረ ሰው አንዱን ማቆየትም ከብዶታል። የመንገዱን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ ከሩቅ የሚመጣ ገዢ ገንዘብ ይዞ ለመንቀሳቀስ ይፈራል።

ስለዚህ «የት ይሸጣል?» ከማለትህ በፊት «ማን ይገዛዋል?» በል። እኔ ያየሁትን አንድ በአንድ ልንገርህ።

ሳምንታዊው ገበያ ጥቅሙ ገንዘቡን በዕለቱ መያዝህ፣ ዋስና ምስክርም እዚያው መገኘቱ ነው። ለፈረስህ ግን የባሰው ቦታ እሱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ታስሮ የቆመ ፈረስ አንገቱን ይደፋል፣ አንድ እግሩን ያሳርፋል፣ ዝንብ ይወረዋል፤ ያን ጊዜ ሰጋሩም ጎታቹም አንድ ይመስላሉ። ከዚያ የከፋው ደግሞ መመላለሱ ነው። አንድ ፈረስ ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ ሲመለስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ይኼ ያለፈው አይደለም? ምን ቢያገኙበት ነው?» ይባላል። ከዚያ በኋላ የምትሰማው ዋጋ የፈረሱ ሳይሆን የሐሜቱ ነው። የግድ ገበያ ማውጣት ካለብህ እየጎተትክ አትግባ፤ ተጭኖ፣ አንተ ተቀምጠህበት ግባ። ጥቂት ሰዓት አሳይተህ ገዢ ካላገኘህ በጊዜ ይዘኸው ውጣ። ቆሞ አይዋል።

ደላላ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተሸጠው ላይ የታወቀ ክፍያ ይወስዳል። ሌላው «አንተ ይህን ያህል ይድረስህ፣ ከላይ የተገኘው የእኔ ነው» ይላል። ሁለተኛው በደራ ገበያ ደህና ሊሆን ይችላል፤ በቀዘቀዘ ገበያ ግን መጀመሪያ የሚሠራው የአንተን ዋጋ ማውረድ ነው፤ ለገዢው ፈረሱን ከማመስገኑ በፊት ለአንተ ያጣጥልብሃል። እኔ የመጀመሪያውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ እሱም ጋላቢዎችን በስም የሚያውቅ ከሆነ ብቻ። የበሬና የበግ ደላላ ፈረስ ሲያሻሽጥ አይሆንለትም። ስለ በሬ ሲናገር አንደበቱ ይፈታል፤ ፈረስ ሲሆን ቁመቱን ተናግሮ ዝም ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን ለምን እንዳልጠቀስከው አልገባኝም። ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ፈረስ ያላቸው ወይም ፈረስ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ፈረስ ከጋሪ ፈረስ ሳይነገራቸው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ፈረስህ ለሠርግና ለለቅሶ ወጥቷል ካልክ ያዩት ሰዎች አሉ ማለት ነው። ለቅሶ ላይ የፈረስ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው፤ የወደደው ሰው ግን ባለቤቱን አጣርቶ በኋላ በሽማግሌ በኩል ቃል ይልካል። አንተ ደግሞ ቀድመህ በቀበሌህ ላለው የማኅበሩ አስተባባሪ «ልሸጠው ነው» ብለህ ንገረው። በዚህ መንገድ የሚሸጥ ፈረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ክፍያውም አንዳንዴ በሁለት ዙር ነው። ዋጋው ግን የጋላቢ ዋጋ ነው፤ ፈረስህም የት እንዳለ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ማቆየቱ። ሁሉም ሰው «ጥር ድረስ ያዘው» ይልሃል። እኔ ኅዳርና ታኅሣሥ እላለሁ። ጥር 23 ለሚከበረው የጊዮርጊስ በዓል ፈረስ የሚፈልግ ሰው አብሮት ሊለማመድበት፣ ጠባዩን ሊያውቅበት ጊዜ ይፈልጋል፤ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው የሚገዛ ቢኖር የቸኮለ ነው፣ እሱን ደግሞ ሁሉም ሻጭ ይሻማዋል። ከ23 በኋላ ያለው ዋጋ አይወራ።

እስከ ኅዳር ለማቆየት ሒሳቡን ሥራ። የአገራችን ፈረስ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ከሰኔ እስከ ኅዳር አምስት ወር ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ በድርቆሽ ብትቀልበው ከስድስት እስከ ሰባት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። ክረምቱን ግጦሽ ስላለ ብዙው ይቀንስልሃል። ይህን በአካባቢህ የድርቆሽ ዋጋ አባዛውና አሁን ከሚሰጡህ ዋጋ ጋር አስተያየው። የጋሪና የጋላቢ ዋጋ ልዩነት ከመኖው ከበለጠ አቆየው። ካልበለጠ ለማኅበሩ ሰዎች ትንሽ ቀንሰህ አሁኑኑ ስጣቸው እንጂ ለጋሪ አታውለው።

መኖን ካነሳን፦ ለማወፈር ብለህ ፍሩሽካ ብቻ አትጫንበት። ሆዱ ይነፋል እንጂ ጡንቻ አያወጣም። ጥሩ ድርቆሽ፣ ከላይ ትንሽ ገብስ ወይም ሲናር፣ የሚልሰው አሞሌ ጨው፣ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። በሳምንት ጥቂት ቀን ደግሞ ጋልበው። ሦስት ወር ጋጣ የዋለ ፈረስ ገዢ ፊት ሲያልከፈክፍ ያሳፍራል።

መላሽ፣ ከአዲስ አበባ

ስለ አዲስ አበባው እኔ ልናገር። በእንጦጦና በሱሉልታ በኩል ለጎብኚና ለተማሪ ፈረስ የሚያስጋልቡ አሉ፤ ይገዛሉም። ግን የሚፈልጉት የአንተን ዓይነት ፈረስ ላይሆን ይችላል። ኮርቻ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሲንጠላጠልበት ዝም ብሎ የሚቆም፣ ሕፃን ጭራውን ቢይዘው የማይራገጥ ፈረስ ነው የሚፈልጉት። ሽምጥ የለመደ የበዓል ፈረስ ሌሎች ፈረሶች ሲሮጡ ካየ አይያዝም፤ ለእነሱ ያ ጉድለት ነው። ለእናንተ ማኅበር ግን ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የጭነት መኪናው ኪራይ፣ የሰው አበል፣ በየኬላው የሚጠየቀው ወረቀት ሲደመር ከአዊ ድረስ አንድ ፈረስ ማምጣት አያዋጣም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ገዢው አስቀድሞ በቪዲዮ አይቶ ቀብድ ከፍሎ ከሆነ ብቻ ሞክሩት። መኪናው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይነጠፍ፤ ብረት ላይ የተንሸራተተ ፈረስ ጉልበቱ ቆስሎ ይወርዳል።

በቴሌግራም የሚወጣው ማስታወቂያ ነጻ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ሰው የቆመ ፈረስ ፎቶግራፍ መለጠፉ ነው። አንተ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ሥራ፦ ሜዳ ላይ ሲያዝ፣ ሲጫን፣ ስትወጣበት፣ በእርምጃ ሲሄድ፣ ሲሰግር፣ ሲጋልብ፣ ዛቡን ስትስብ ሲቆም። መጨረሻ ላይ አራቱን ሰኮናዎችና የፊት ጥርሶቹን በቅርብ አሳይ። የምር ገዢ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ከመቶ ስልክ ያድንሃል። ገንዘብ ሲላክልህ ስልክህ ላይ የመጣውን መልእክት ሳይሆን ሒሳብህ ውስጥ የገባውን አይተህ ልጓሙን አስረክብ። ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት የሚያሳዩ በዝተዋል።

መላሽ፣ የእንስሳት ሐኪም

እስከ ኅዳር ያቆዩት ካሉ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ የምታስተላልፈው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነካሽ ትንኝ ናት። አህያና በቅሎ ከፈረስ በተሻለ ሊቋቋሙት ይችላሉ፤ ፈረስን ግን ትናንት ደህና የነበረውን ዛሬ ትንፋሽ አሳጥቶ፣ ከአፍንጫው አረፋ አስወጥቶ ይገድለዋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይዘጋጃል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ፈረስ የሚሆን ስለሆነ ለአንድ ብቻ አይከፈትም፤ የጎረቤት ፈረሶችን ሰብስባችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክፍል በክረምቱ መጨረሻ ሳይሆን አሁኑኑ አሳውቁ። ሲመሽና ሲነጋ ትንኟ ስለምትበዛ ፈረሱ ረግረግ ዳር አይደር።

ሲሸጡት ደግሞ የክትባቱን ወረቀት ይያዙ። ገዢ የሚፈራው ያልተነገረውን ነው። የቆየ የኮርቻ ቁስል ጠባሳ ካለው ጠጉሩን አበጥረው አይሸፍኑት፤ «ይኸውና ድኗል» ብለው ያሳዩ። የተደበቀ ጠባሳ ያገኘ ገዢ ጤነኛውንም እግር መጠራጠር ይጀምራል።

መላሽ፣ ከዳንግላ

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ረጅም አልጽፍም። ሰባት ዓመቱ ነው ብለሃል። ፈረስ በ5 ዓመቱ አፉን ይሞላል፣ ቋሚ ጥርሱን አውጥቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜ የሚያሳየው የጥርሱ መበላት ነው፣ እሱንም በደንብ የሚያነብ ጥቂት ነው። አንዳንድ ደላላ የሰባቱን ዓመት ፈረስ አፉን ገልጦ «አሥራ ሁለት አልፎታል» ብሎ ዋጋ ይሰብራል። የተወለደበትን ዓመት የሚመሰክር ጎረቤት ይዘህ ቅረብ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ልሞክረው ለሚል ገዢ ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው በለው፤ ግን የራሱን ፈረስ ወይም የምታውቀውን ዋስ ሳያስቀምጥ ዛቡን አትስጥ። አንተ ራስህ ቀድመህ ጋልበህ አሳየው፤ ከዚያ እሱ ይውጣ። ሲወርድ ፊቱን እይ እንጂ የሚናገረውን አትስማ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአዲስ አበባውን ትቼዋለሁ። የማኅበሩን አስተባባሪ ነገ አነጋግራለሁ፤ እሱ ጋ ካልሆነ ሒሳቡን ሠርቼ እስከ ኅዳር ለማቆየት እሞክራለሁ። ለክትባቱ ሦስት ጎረቤቶች እሺ ብለውኛል፤ ሌሎችም ይኖራሉ። ኮርቻውን ግን አብሬ ልሽጠው ወይስ ለብቻው? ግላሱ (የፈረሱ ጌጥ ልብስ) የእጅ ሥራ ነው፤ ጌጡ እንዳለ ነው።

መላሽ፣ ከእንጅባራ

ለማሳየት ጫንበት፤ ዋጋ ስትናገር ግን የፈረሱን ለብቻ ተናገር። አብረህ ከጠራኸው ገዢው መጨረሻ ላይ «ኮርቻውን መርቅልኝ» ይልሃል፤ አንተም ለመገላገል ትመርቃለህ። ለብቻው ሲሆን የዋጋ ክርክሩ አላልቅ ሲል ልጓሙን ብቻ ጣል አድርገህ ትጨርሳለህ። ግላስና ኮርቻውን ለበዓሉ የሚፈልግ ፈረስ ያለው ሰው ሞልቷል፤ እሱ ገበያ እንደ ፈረሱ አልቀዘቀዘም። የማኅበሩ አስተባባሪ ጋ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ።