አሮጌ ስልክ፦ ለኩባንያው እናስረክብ ወይስ አገር ቤት እንላክ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዚህ ሳምንት መከራከሪያ አዳዲስ ስልኮች በወጡ ቁጥር የሚነሳ ጉዳይ ነው። እዚህ አሜሪካ አዲስ ስልክ ልንገዛ ስንሄድ የስልክ ኩባንያዎቹ «አሮጌውን አምጡ፣ እስከ 800 ዶላር እናስብላችኋለን» ይሉናል። አገር ቤት ደግሞ ያንኑ ስልክ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። ለኩባንያው አስረክበን ቅናሹን እንውሰድ (ትሬድ ኢን እናድርገው) ወይስ እንላከው? አቋማችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ። ሰውን ሳይሆን ሐሳብን ተቃወሙ።

የጎጃም ልጅ፦
የሚሠራ ስልክ ለኩባንያ መስጠት ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም። ስልክ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደህና ስልክ ለመግዛት የስንት ወር ደመወዙን ሳይበላ ማጠራቀም እንዳለበት አስቡት።

«ቴሌብር በተራ ስልክም ይሠራል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ *127# ብሎ ገንዘብ መላክ ይቻላል። ተማሪው ግን የትምህርት ማስታወሻውን የሚያገኘው በቴሌግራም ነው፣ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያውን የሚያየው በቴሌግራም ነው። እናቶቻችን ፊታችንን የሚያዩትም በዚሁ ስልክ ነው። እኛ ዘንድ ካሜራው አነሰ ተብሎ የሚጣል ስልክ እዚያ የአንድ ቤተሰብ ዋና ዕቃ ይሆናል።

አራዳው፦
የጎጃም ልጅ፣ ልብህን አከብራለሁ፤ ግን 800 ዶላር ቀልድ አይደለም። 800 ዶላሩን ወስጄ ከፊሉን ለዘመዴ ብልክለት አዲስ ስልክ ይገዛበታል። ለምን አሮጌ እልካለሁ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
አራዳው፣ ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ላስላው። 800 ዶላር በእጅህ አይገባም። ኩባንያው በ36 ወር ከፋፍሎ ከቢልህ ላይ ይቀንስልሃል፤ በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ነው። ለዘመድህ የምትልከው ጥሬ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር የለህም ማለት ነው።

በዚያ ላይ ቅናሹን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ውድ ወደሆነው ፕላን ማለፍ ግዴታ ይሆናል። ፕላንህ በወር 15 ዶላር ቢጨምር በ36 ወር 540 ዶላር ነው። ከ800ው ላይ ቀንሰው፣ 260 ዶላር ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ሥራ ቀይረህ ወይም ሌላ ስቴት ሄደህ ኩባንያውን ብትተወው፣ ያልተሰጠህ ቅናሽ ይቀርና የስልኩን ቀሪ ዕዳ ባንድ ጊዜ ትከፍላለህ። በብዙ ስቴት ታክሱም የሚታሰበው በሙሉው የስልክ ዋጋ ላይ ስለሆነ «ነፃ» ለተባለው ስልክ ሱቁ ውስጥ ገንዘብ አውጥተህ ትወጣለህ።

እኔ ግን ከጎጃም ልጅም ጋር አልስማማም። አሮጌውን እዚሁ በግል ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይሻላል። የተቀባዩን ችግር የሚያውቀው ራሱ ነው። ስልክ ሳይሆን የቤት ኪራይ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል የሚያስፈልገው። እኛ ከዚህ ሆነን ለምን እንወስንለታለን?

አራዳው፦
ስሌትሽ ለብቸኛ ሰው ልክ ነው። እኛ ቤት ግን አራት መስመር አለ፣ ውዱን ፕላን ከድሮም ነው የምንከፍለው፣ ኩባንያ የመቀየር ሐሳብም የለንም። ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ 22 ዶላሩ በየወሩ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልክ ሁሉ በዚያው ዋጋ ይቀበላሉ። የተሰነጠቀ ስልክ በግል ብሸጥ ማን ያን ያህል ይሰጠኛል?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
እኔ የምቃወመው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አገራችንን የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መጣያ እያደረግናት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመነጨች። በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የላክነው ስልክ ባበቃ ቀን የት ይሄዳል? መንደር ውስጥ ሽቦና ቦርድ ተቃጥሎ መዳብ ሲወጣ ጭሱን የሚተነፍሱት ልጆች ናቸው። ያበጠ የሊቲየም ባትሪም ቤት ያቃጥላል። እዚህ ቢያንስ የሚረከብ ድርጅት አለ።

የምስጢሩም ነገር አለ። የልጆቼ ፎቶ፣ የባንክ መረጃዬ፣ የሐኪም ወረቀቴ የነበረበትን ስልክ በሦስት ሰው እጅ አሳልፌ መላክ አልፈልግም።

ጠጋኙ (መገናኛ)፦
አዲስ አበባ መገናኛ ስልክ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ከናንተ የሚመጣውን ስልክ በየቀኑ ስለማየው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ለሲልቨር ስፕሪንግ እናት። እህቴ፣ እኛ ጋ ስልክ ቶሎ አይሞትም። ስክሪኑ ሲሰበር እንቀይራለን፣ ባትሪው ሲደክም እንቀይራለን፣ ቻርጅ ማድረጊያው ሲበላሽ እንበይዳለን። ቦርዱ ጨርሶ እንቢ ሲል ካሜራው ለሌላ ስልክ፣ ስክሪኑ ለሌላ ስልክ ይሆናል። እናንተ ጋ የጥገናው ዋጋ ከስልኩ ስለሚወደድ የሚጣለው፣ እዚህ በተመጣጣኝ ዋጋ ተጠግኖ ዓመታት ያገለግላል። ስለ መጨረሻው ግን እውነትሽን ነው። የሞተ ቦርድና ያበጠ ባትሪ ተቀብሎ በሥርዓት የሚያስወግድልኝ በቅርቤ የለም፤ እኔ ራሴ በካርቶን አስቀምጣቸዋለሁ። ስለዚህ የሞተ ስልክ «ለመለዋወጫ ይሆናል» ብላችሁ አትላኩ።

አሁን ወደ ዋናው። እኛን የሚያስቸግረን የስልኩ ማርጀት ሳይሆን መቆለፉ ነው። ደንበኛ ከአሜሪካ የመጣ ያማረ አይፎን ይዞልኝ ይመጣል፤ ሳበራው የላኪውን የአፕል አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህ ቁልፍ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው፤ የተሰረቀ ስልክ ለሌባ እንዳይጠቅም ተብሎ የተሠራ። እኔ አልከፍተውም፣ በሐቅ የሚሠራ ማንም አይከፍተውም። ስልኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከድንጋይ አይሻልም። በጣም የሚያሳዝነው ላኪው ባለበት ሆኖ በደቂቃዎች ሊፈታው መቻሉ ነው። አይክላውድ የተባለው የአፕል ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ስልኩን ከአካውንቱ ማስወጣት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ስልኩ ዘመዱ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ሁለተኛው በኩባንያ የተቆለፈው ነው። በ36 ወር ክፍያ የወሰዳችሁት ስልክ ዕዳው ሳያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም፤ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ቢገባ ኔትወርክ የለም። ሰዉ ሲቸግረው አር ሲም የሚሉትን ስስ ቺፕ ከሲሙ ጋር ያስገባል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ስልኩ አፕዴት ሲደረግ ይጠፋል። ከመላካችሁ በፊት ዕዳውን ጨርሳችሁ ኩባንያውን «አንሎክ አድርጉልኝ» (ቁልፉን ፍቱልኝ) በሉ።

ሦስተኛ፣ አሜሪካ የተሸጠ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፣ የሚሠራው በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው። ተቀባዩ በሚኖርበት ከተማ ኢሲም ማውጣት መቻሉን ሳትጠይቁ እንዳትልኩ።

ጋሽ አሌክሳንድሪያ፦
ልጄ ጠጋኙ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ብዙ አስተማርከን። እኔ የመንገደኛውን ነገር ላንሳ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ «ይቺን ስልክ ብቻ አድርስልኝ» የማይል የለም። አምስት ሰው አምስት ስልክ ሲሰጠው ያ መንገደኛ ጉምሩክ ላይ ነጋዴ ይመስላል። ይሉኝታ ይዞት እንቢ አይልም፣ ቀረጡንም መጉላላቱንም ብቻውን ይሸከማል። ከመላካችሁ በፊት አንድ መንገደኛ ምን ያህል ይዞ መግባት እንደሚፈቀድለት ጠይቁ። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ያልተመዘገበ ስልክ ኔትወርክ እንዳያገኝ አድርጎ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኋላ ተነሳ እንጂ ያኔ የላክነው ሁሉ ተዘግቶ ዘመዶቻችን ሲመላለሱ ከርመዋል። ደንብ ይለዋወጣል።

ስልኮቹንም መንገደኛው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ ቦርሳ ይያዛቸው፤ ባትሪ ያለበት ዕቃ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ጋሼ፣ ያነሱት ትልቅ ነገር ነው። ስለ መንገደኛው እኔም አላሰብኩበትም ነበር። ጠጋኙ ወንድሜ፣ መልስህ ከልብ ነው፤ ግን የሞተው ባትሪ ካርቶን ውስጥ መቀመጡን ራስህ ነገርከኝ። የእኔ ጥያቄ እሱ ነው። ዛሬ የሚሠራውም ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ እዚያው ካርቶን ውስጥ ይገባል።

የጎጃም ልጅ፦
እናታችን፣ ካልላክነውም እኮ ተቀባዩ ያለ ስልክ አይቀርም። አቅሙ የፈቀደለትን ርካሽ አዲስ ስልክ ይገዛል፣ እሱም በሁለትና ሦስት ዓመት ይሞታል፣ ያው ካርቶን ውስጥ ይገባል። አንድ ስልክ በዕድሜው ሁሉ ከሚያስከትለው የአየር ብክለት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ፋብሪካ ሳለ ነው። ስለዚህ የተሠራው ስልክ ረጅም ዕድሜ ማገልገሉ ለአካባቢም ይበጃል። ባትሪ የሚረከብ ድርጅት አገር ቤት ይኑር የምትይው ግን ልክ ነው፤ መንግሥትም አስመጪዎችም ሊጠየቁበት ይገባል።

መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
የተቀባዩን ወገን ልናገር፤ እስካሁን ከኛ የጻፈ የለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ገንዘብ ላኩ» ብላለች። እህቴ፣ አንቺ እዚያ በ150 ዶላር የምትሸጪውን ስልክ እኔ እዚህ በ150 ዶላር አላገኘውም፤ አስመጪው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ ነጋዴው አለ። በዚያ ላይ ገንዘብ ከመጣ ለስልክ አይውልም። ጤፍ ይገዛበታል፣ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ይከፈልበታል። ስልክ ሆኖ ሲመጣ ስልክ ይሆናል።

ነገር ግን ስትልኩ ንገሩን። «ባትሪው ደክሟል፣ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል» በሉን፤ አንከፋም። የሚከፋን ዝም ብላችሁ ስትልኩልን ነው፤ ምክንያቱም ስላላማረው ስልክ ለመናገር እኛ እናፍራለን። ዕድሜውንም እዩ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ወዲህ ዋትስአፕ አይኦኤስ የሚባለው ሶፍትዌሩ ከ15.1 በታች በሆነ አይፎን ላይ አቁሟል። አይፎን 5ኤስ፣ 6 እና 6 ፕላስ እዚህ ደርሰው በዋትስአፕ ለእናንተ እንኳ አያስደውሉንም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
መምህር፣ ስለ ዋጋው ያልከው አሳምኖኛል። እዚያ ያለው ዋጋ ከዚህ በላይ ከሆነ ዕቃውን መላክ ትርፍ አለው። ለድንገተኛ ችግር ግን አሁንም ገንዘብ ይበልጣል የሚለውን አልተውም።

እና አራዳው ከላይ ወዳለው ነገር እንመለስ። ኩባንያው የተሰነጠቀውን በሙሉ ዋጋ የሚቀበል ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ካሉት ስልኮች የተሰበረውን ለኩባንያው፣ ጤነኛውን ለአገር ቤት ብናደርግስ? አብዛኞቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ያማረውን እናስረክብና የተሰነጠቀውን እንልካለን።

አራዳው፦
ይህንን እቀበላለሁ። እኛ ቤት ያሉት አራቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሞዴሉ ጥያቄም አይመጣም። የማስታወቂያውን ውል ማንበብ ግን ግድ ነው። አንዳንዱ የተሰነጠቀ አይቀበልም፣ አንዳንዱ የሚቀበለው የተወሰኑ ሞዴሎችን ነው፣ ስልኩን በፖስታ ስትልክ ከቀኑ ካለፈ ቅናሹ ይቀራል። አንድ የማውቀው ሰው «ስልኩ በተባለው ሁኔታ አልደረሰንም» ተብሎ ቅናሹ በጥቂት ዶላር ተተክቶበታል። ሲታሸግ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከስልኩ ጀርባ የሚጻፈውን ሳይሆን *#06# ብላችሁ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር መዝግቡ።

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ለጠጋኙ አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል። ሳምሰንግ የምትልክ እህታችን «ሪሴት አድርጌዋለሁ፣ ይበቃል ወይ?» ትላለች። የግል መረጃዋም ያሳስባታል።

ጠጋኙ (መገናኛ)፦
ሪሴት ብቻ አይበቃም። አንድሮይድም የራሱ ቁልፍ አለው፤ የጉግል አካውንቷን ሳታወጣ ከሪከቨሪ ሜኑ (ስልኩ ሲነሳ በጎን ቁልፎች ከሚከፈተው ዝርዝር) ሪሴት ካደረገችው፣ ሲበራ ያንኑ አካውንት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታ የጉግልንም የሳምሰንግንም አካውንት ታውጣ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ታድርገው። አይፎን የሆነ እንደሆነ ከአካውንቷ ሳይን አውት አድርጋ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት» (ሁሉንም አጥፋ) የሚለውን ትጫን። የዘመኑ ስልኮች የያዙትን ስለሚያመሳጥሩ እንዲህ ከጠፋ በኋላ ፎቶዋን እኔ ጠጋኝ ሆኜም አላወጣውም።

ሲጨርስ አብርታ ትየው። ቋንቋ ምረጥ ብሎ እንደ አዲስ ከጀመረና አካውንት ሳይጠይቅ ካለፈ ተዘጋጅቷል። የአይፎን ባትሪ ጤና (ባትሪ ሄልዝ የሚለው) ከ80 በመቶ በታች ከሆነ እዚያ አትቀይረው፣ እኔ ጋ ይረክሳል። ቻርጀሩን ግን ከነገመዱ ትላክ፤ የአሜሪካው ራስ 220 ቮልት የሚችል መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ለሶኬቱ ክብ እግር ያለው አስማሚ እዚህ እንገዛለን።