የሙቀት ሴንሰር ቀየርኩ፣ ፋኑ ግን አሁንም አይጠፋም

ሰላም ወገኖች፣ ቪትዝ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዬ 2003 ሞዴል ናት። ጠዋት በስንት መከራ ነው የምትነሳው፤ ጭሷ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ፋኑም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይዞራል። በስካነር ስትነበብ ፒ0118 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣች፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። ከሶማሌ ተራ አዲስ ገዝቼ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ራሴ ቀየርኩት። ኮዱን ባጠፋውም ወዲያው ይመለሳል፤ ሞተሩ ግሎ እያለ እንኳ ስካነሩ -40 ዲግሪ ያሳያል።

አዲሱን ሴንሰር በቴስተር ለካሁት፦ ሲቀዘቅዝ 2.4 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ሲግል 300 ኦም። ስለዚህ እሱ ጤነኛ ነው፤ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው። ሶኬቱን ነቅዬ አንዱን ገመድ ከባትሪ ኔጌቲቭ ጋር ስለካ 5 ቮልት ይሰጣል፣ በሁለቱ ገመዶች መካከል ግን ምንም የለም። የሁለተኛው ሽቦ ፕላስቲክ ሶኬቱ ስር ተሰነጣጥቆ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

ይህን ሽቦ ቅርብ ካለ ቦዲ (የመኪናው ብረት) ጋር ባስረው ይሠራል ወይስ ንባቡን ያዛባዋል? እስከ ሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ድረስ አዲስ ሽቦ የዘረጋችሁ ካላችሁ በየት በኩል እንዳሳለፋችሁት ንገሩኝ። ጋራዥ ኮምፒውተሩ ይቀየር ብለውኛል፤ ያን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።