አባርት 695 ትሪቡቶ ፌራሪ፦ ስሟ ይገባታል ወይስ ቀለም ብቻ ናት? (ክርክር)

አወያይ፦ በፈረንጆቹ 2009 በፍራንክፈርት አውደ ርዕይ የታየችው፣ ከፊያት የስፖርት መኪና ስም ከአባርት የመጣችውና በተወሰነ ቁጥር ብቻ የተመረተችው አባርት 695 ትሪቡቶ ፌራሪ («ትሪቡቶ» በጣሊያንኛ ለክብር የሚሰጥ ግብር ነው) የፌራሪን ስም መሸከም ይገባታል? ወይስ ፊያት 500ን ቀይ ቀብቶ በውድ መሸጥ ነው? «ታምራለች» መልስ አይደለም፤ ማስረጃ ያለው ይናገር።

ካንዴላ፦ ቀለም ነው። ከሥር ያለችው ፖላንድ ውስጥ ቲሂ ከተማ ትሠራ የነበረችው ፊያት 500 ናት። ሞተሩም 1.4 ሊትር ቲ-ጄት ነው፤ በ2008 የወጣችው 500 አባርት በ135 የፈረስ ጉልበት ይዛው የተሸጠችው ያው ሞተር ቱርቦው ተጠናክሮ 180 ደረሰ። ከማራኔሎ፣ ከፌራሪ ፋብሪካ፣ የመጣ አንድ ብሎን አሳዩኝና ዝም እላለሁ።

ፍሪሲዮን፦ ብሎኑን ተወውና ካምቢዮውን እየው። ፔዳሏ ሁለት ብቻ ነው፤ ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ባሉት ምላሶች ነው። ውስጡ ግን ተራ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚለቅና የሚይዘው በፖምፓ የሚገፋ ዘይት ነው። ፌራሪ ይህንኑ ዘዴ በ1997 ኤፍ355 ላይ ገጠመው፣ ከዚያ ወደ አልፋ ሮሜዮ 156 ወረደ። ዝምድናው እዚህ ጋ ነው፤ ቀለሙ ላይ አይደለም።

ካንዴላ፦ እሺ፣ ግን ዓመተ ምሕረቱን አትዝለለው። በዚያው በ2009 አውደ ርዕይ ፌራሪ 458 ኢታሊያን ሲያቀርብ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ገጥሞላት ነበር። ታላቅየው ያወለቀውን ልብስ ለታናሽየው አልብሶ «ግብር» ማለት ምን ይሉታል?

ቸርኬ፦ የሁለታችሁም ክርክር ፍሬኑን ረሳው። ፊት ለፊት ባለ 4 ፒስተን ብሬምቦ ፍሬን፣ 17 ኢንች ቸርኬ፣ ሳቤልት ወንበር። ተራዋ 500 አባርት ከዜሮ እስከ 100 በ7.9 ሰከንድ ትደርሳለች፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ነው። ትሪቡቶ ከ7 ሰከንድ በታች፣ እስከ 225። ለዚህች ቁመት ትልቅ ልዩነት ነው። ጉድለቷ ሌላ ቦታ ነው፦ ሜካኒካል ሎክ ያለው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) የላትም። ኩርባ ላይ የውስጥ ጎማው መሾር ሲጀምር ኮምፒውተሩ በፍሬን ይይዘዋል። መንገድ ላይ ይበቃል። የውድድር ሜዳ ላይ ግን ያው ፍሬን ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ቶሎ ይግላል፣ ሸራውም ቶሎ ያልቃል።

ባልቦላ፦ የስፖርት መኪና ደም የምትፈልጉ ከሆነ የ2014ቷን 695 ቢፖስቶ ለምን አታነሱም? የኋላ ወንበር የለም፣ ኤሲ የለም፣ ክብደቷ 997 ኪሎ፣ 190 የፈረስ ጉልበት፣ 100 በ5.9 ሰከንድ። ተጨማሪ ለከፈለ ደግሞ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲቀየር የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማው) የሌለው የውድድር ካምቢዮ ከሜካኒካል ሎክ ጋር ይገጠምላታል። የፌራሪ አርማ የለባትም፤ ሥራው ግን አለ። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ፍሪሲዮን፦ ቢፖስቶን በየቀኑ ሥራ የሚሄድባት ሰው አሳየኝ።

ቁልፍ 13፦ ስሙን እናንተ ተከራከሩበት፤ ገዢው የሚከስርበትን እኔ ልናገር። የትሪቡቶ ጣጣ ያ ያወደሳችሁት ካምቢዮ ነው። ለማየት ስትሄዱ ባለቤቱ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። ሞተሩ እንደጠፋ የሹፌሩን በር ክፈቱ፤ የዘይቱ ፖምፓ ጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ማለት አለበት። ረጅም ከጮኸ ወይም በሄዳችሁበት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከተነሳ፣ ግፊት የሚያጠራቅመው ጋን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አልቋል ማለት ነው። ጋኑ ርካሽ ነው። እያዩ ዝም ካሉት ግን ፖምፓው ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል፤ ውዱ እሱ ነው። ጋኑን ከመፍታት በፊት የዘይቱ ግፊት መልቀቅ አለበት፤ ሳይለቀቅ የሚፈታ ሰው ፊቱን ያጣል። ዘይቱ ለዚሁ የተሠራው ቱቴላ ሲኤስ ስፒድ ነው፤ «ያው ነው» ብሎ የፍሬን ዘይት የሚጨምር ጋራዥ ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) አሳብጦ ይመልስላችኋል።

ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ነጥብ ለመኪናዋ በኮምፒውተር ማስተማር ግድ ነው፤ ያ ካልተደረገ ከቆመችበት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ በነዳጅ ይዛችሁ አትቁሙ፣ ፍሬን ርገጡ። ማርሽ ስትጨምሩ ደግሞ ነዳጁን ለቅጽበት ላላ አድርጉት፤ ያ ብዙ ሰው የሚያማርረው የአንገት መንቀጥቀጥ ግማሹ የሚመጣው እግር ሙሉ በሙሉ እንደተጫነ ስለሚቀየር ነው።

ካንዴላ፦ ይኸው፣ የፌራሪ ዝምድና ወጪው ላይ ብቻ ታየ።

ጎሚስታ፦ ወደ አዲስ አበባ ማስገባትስ ይቻላል?

ቁልፍ 13፦ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ጥያቄው ሚላን ወይም ፍራንክፈርት ላለ ሰው ነው።

ጎሚስታ፦ ጣሊያን ያለ አንድ ዘመዴ ማስታወቂያ ልኮልኛል። ቀይ ናት፣ አርማው አለ፣ ብሬምቦ አላት፣ ማርሹ የእጅ ነው። ዋጋዋም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው።

ቁልፍ 13፦ ትሪቡቶ በእጅ ማርሽ አልተሸጠችም። መሀል ላይ ዘንግ ሳይሆን አራት ቁልፎች ናቸው መኖር ያለባቸው። ያቺ ወይ አርማ የተለጠፈባት ተራ አባርት ናት፣ ወይ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ የተለወጠላት። ዘመድህ የሻንሲ ቁጥሩን ይላክልህና አባርት ወኪል ዘንድ ይታይ፤ ከዚያ በፊት ቀብድ እንዳይከፍል።

ካንዴላ፦ ዘንግ ያላት ከሆነች እኔ እገዛታለሁ።