ለጥር ሩጫችን አንድ ዓይነት ነዳጅ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ከጥምቀት በኋላ እዚህ ባሕር ዳር በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የቤንዚን መኪኖቻችንን ይዘን ለምናደርገው የጋራ ሩጫ ነዳጁን ማኅበሩ ራሱ ገዝቶ ቀላቅሎ ቢያቀርብ ብዬ ነበር። እንደምታውቁት እስካሁን ሁሉም ከየቤቱ በሃይላንድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ከማደያ የቀዳ ሌላው ከመንገድ ዳር የገዛ፣ ዘይቱንም ያገኘውን ነው የሚጨምረው፣ ከዛ የአንዱ መኪና በጭስ ታፍኖ ይንተፋተፋል የሌላው ደግሞ ሁለት ዙር ሳይሞላ ግሎ ቀጥ ይላል። ሞተሮቻችን ከ23 እስከ 30 ሲሲ ያሉ ቱ ስትሮክ ናቸው፣ ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የላቸውም፣ ክራንኩም ኩሽኔታውም ፒስቶኑም የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በምንቀላቅለው ዘይት ብቻ ነው። ነዳጁ ተበላሸ ማለት ቅባቱም ተበላሸ ማለት ነው። ረቂቁ ይኸው፦ «ማኅበሩ ቤንዚን ገዝቶ ከአንድ ዓይነት ቱ ስትሮክ ዘይት ጋር በ25 ለ1 (25 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ቀላቅሎ ለአባላት በገዛበት ዋጋ ያቀርባል።» ያልተዋጠላችሁን ጻፉ አብረን እናስተካክለው።

አዲስ አባል (ፍኖተ ሰላም)፦ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ዩቲዩብ ላይ ናይትሮ የሚሉት ነዳጅ አለ ኃይሉ ሌላ ነው ይላሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ካለ እሱን ብናስመጣስ?

የጋራዡ ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ ወንድምዓለም እንኳን ጠየቅክ፣ ብዙ ሰው ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ናይትሮ ማለት ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ከኛ ለሚያንሱት የሪሞት መኪኖች የተሠራ፣ የነሱ ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም፣ ሽቦው ግሎ የሚያቀጣጥል ግሎው ፕላግ ነው ያለው። የኛ በእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ መጠን የተሠሩት ግን ማግኔቶ (ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) እና ካንዴላ ያላቸው ናቸው፣ ካርቡራተሩ ለቤንዚን የተለካ ነው። ናይትሮ ብትጨምርበት ልኩ ይዛባል፣ ሜታኖሉም በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ስስ የላስቲክ ሽፋን ይበላታል፣ ነዳጁን የምትስበው እሷ ናት፣ እሷ ከደረቀች መኪናው አይነሳም። ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ከቶ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም። ይሄን አሳብ እንተወው።

ከደብረ ማርቆስ፦ እኔ ረቂቁ ላይ «ከማደያ ብቻ» የሚል ቃል እንዲገባ ነው የምፈልገው። ሰልፉን አውቃለሁ፣ ባጃጆቹ ሌሊት ተሰልፈው እንደሚያድሩም አውቃለሁ፣ ግን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ሊገባበት ይችላል፣ ለሚጢጢ ሞተር ደግሞ መርዝ ነው።

የጋራዡ ባለሙያ፦ ልክ ነህ፣ ነጭ ጋዝ ኦክቴኑ (ያለ ጊዜው በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ) በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ካንዴላው ከማቀጣጠሉ በፊት ወይ ቃጠሎው ሳያልቅ በራሱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰሙታላችሁ፣ ከዛ ፒስቶኑ ጫፉ ይቀልጣል ወይ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ተጣብቆ ይያዛል። እኔ ጋራዥ ውስጥ የማደርገው ቀላል መፈተኛ አለ፦ ነጭ ወረቀት ላይ ከማደያ እንደተቀዳ የማውቀውን አንድ ጠብታ፣ አጠገቡ ደግሞ የተጠራጠርኩትን አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። ዘይት ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት። ንጹሁ ቤንዚን ዓይናችሁ እያየ ይደርቃል ወረቀቱም ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ክቡ እየሰፋ ይሄድና ዳር ዳሩን ቅባታማ ሆኖ ይቀመጣል፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ያሳልፋል፣ በጣት ስትነኩትም ያሟልጫል። ይሄ ላቦራቶሪ አይደለም ትንሽ የተቀላቀለበትን ላይይዝ ይችላል፣ ግን በግልጽ የተበረዘውን ይለያል። ሁለተኛው መፈተን ያለበት ነገር ኤታኖል ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ይሸጥ የነበረበት ጊዜ አለ፣ ለትልቅ መኪና ችግር የለውም፣ የኛ ግን ለወራት ሳይነሳ ስለሚቀመጥ ኤታኖሉ ከአየር እርጥበት እየሳበ ያንን ላስቲክ ያጠነክረዋል። መርፌ በሌለው 20 ሚሊ ሲሪንጅ 5 ሚሊ ውሃና 10 ሚሊ ቤንዚን ስባችሁ አፉን ዘግታችሁ ናጡና አቁሙት፣ ከታች ያለው ውሃ ከ5 መስመር ከፍ ካለ ኤታኖል አለበት ማለት ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል፣ «ከማደያ በቀጥታ የተቀዳ፣ ከመቀላቀሉ በፊት በወረቀትና በሲሪንጅ የተፈተነ» ብዬ አስገባለሁ። ዘይቱስ? ጣና ላይ ጀልባ የሚነዱ ልጆች ቱ ስትሮክ ዘይት በጋሎን ያመጣሉ ርካሽም ነው፣ ከነሱ ብንካፈል የሚል ሐሳብ በስልክ ደርሶኛል።

የጋራዡ ባለሙያ፦ ኧረ እሱ ይቅር። የጀልባ ዘይት ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ተጽፎበታል፣ ለውሃ ማቀዝቀዣ ሞተር ነው የተሠራው፣ የጀልባው ሞተር የጣናን ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። የኛ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው፣ በጣም ይግላል፣ ያ ዘይት በዛ ሙቀት ቅባትነቱ ይከዳል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የቱ ስትሮክ ዘይት ደረጃ ፈልጉ፣ ሁለቱም ጭሳቸው አነስተኛ ነው፣ ማርሚታውንም ቶሎ አይዘጉም፣ ኤፍዲው ደግሞ የሞተሩን ውስጥ ይበልጥ ንጹህ አድርጎ ይይዛል። የመኪና ሞተር ዘይት ደግሞ በጭራሽ፣ ከቤንዚን ጋር ተቃጥሎ ለመውጣት አልተሠራም።

ከእንጅባራ፦ እኔ 25 ለ1 ላይ ጥያቄ አለኝ፣ የኔ ሞተር መመሪያ ከዛ የቀጠነ ይፈቅዳል፣ 40 ለ1 ላይ ጭሱ ይቀንሳል ካንዴላውም አይቆሽሽም።

የጋራዡ ባለሙያ፦ ወንድሜ በግልህ ከሆነ መመሪያህን ተከተል፣ እዚህ ግን የተለያየ ሞተር ነው የሚሰበሰበው። ኤችፒአይ ባጃ የሚባለው መኪና ያላቸው አሉ የሱ መመሪያ 25 ለ1 ነው የሚለው፣ አዲስ ሞተር የሚያፍታቱም ልጆች አሉ። ዘይት ትንሽ የበዛበት ሞተር ቢበዛ ካንዴላ ያቆሽሻል፣ ዘይት ያነሰበት ግን ይነክሳል (ፒስቶኑ ግሎ ይጣበቃል)፣ እሱ በአንድ ካንዴላ አይጠገንም። ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ዘይት ሲበዛ በዛው ልክ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ስለዚህ ከ40 ወደ 25 የመጣ ሰው ሞተሩ ትንሽ ይሳሳበታል፣ ማለት ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያንሰዋል፣ የኤች መርፌዋን (ካርቡራተሩ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚገባውን ነዳጅ የምትለካዋን) ጥቂት ከፈት ማድረግ አለበት።

ከደብረ ማርቆስ፦ መርፌ ካነሳን አይቀር ስለ ከፍታው አንድ ነገር ይግባ። እኛ 2400 ሜትር በላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ነዳጁ እንዳይበዛበት መርፌውን ዘጋ አድርገን ነው የምንነዳው። ያንኑ መኪና ወደ 1800 ሜትር ባሕር ዳር ይዘን ስንወርድ አየሩ ይወፍራል ነዳጁ ግን እዛው ነው፣ ሞተሩ ይሳሳና ይግላል። ከላይ የምንመጣ ሁሉ መጀመሪያ ኤች መርፌውን በአንድ ስምንተኛ ዙር ከፍተን፣ ጥቂት ዙር ነድተን ካንዴላ አውጥተን ብናይ ጥሩ ነው፣ የቡና ቀለም ከሆነ ደህና፣ ነጭ ከሆነ ግን ወዲያው ማቆም ነው። ለኦክቴን ማበልጸጊያ ብር የምታወጡም ተዉት፣ በዚህ ከፍታ ንጹህ የማደያ ቤንዚን ይበቃል።

ጸሐፊ፦ ይሄ በጣም ጥሩ ነው፣ «ከ2000 ሜትር በላይ የሚመጡ አባላት ከሩጫው በፊት መርፌ ያስተካክላሉ፣ ለዚህም የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ይመደባል» ይግባ። ገንዘብ ያዣችን እታለም፣ ሒሳቡ እንዴት ነው?

ገንዘብ ያዥ (ባሕር ዳር)፦ 20 ሊትር ብንቀዳ በ25 ለ1 ዘይቱ 800 ሚሊ ነው፣ አንድ ሊትር ዘይት ይበቃናል ትንሽም ይተርፋል። የብዙዎቻችን ታንክ 700 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ከ28 ሙሌት በላይ ይወጣዋል። ግን ሁለት ነገር ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም። አንደኛ ድብልቁ ከሩጫው ሁለት ቀን በፊት እንጂ ቀደም ብሎ አይሠራም፣ የተቀላቀለበት ቀንና ልኩ ጄሪካኑ ላይ ይጻፋል፣ የተረፈው ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ ጄሪካኑ የብረት ይሁን፣ ልጆች ከሚደርሱበት ቤት አይደር፣ ሲቀዳ መሬት ላይ ተቀምጦ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ነው፣ አጠገቡም እሳት ማጥፊያ ይኑር። ሕፃናት ሊያዩ እንደሚመጡ አትርሱ፣ እኔ ይሄን በቀላሉ አላየውም።

የጋራዡ ባለሙያ፦ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። መቀላቀሉን እኔ እወስዳለሁ፣ መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን ከዛ ዘይቱን ከዛ ቀሪውን፣ ሲቀዳ ደግሞ በፊልትሮ ማሳለፍ ግዴታ ይሁን።

ከእንጅባራ፦ እሺ 25 ለ1ን ተቀብያለሁ፣ መርፌዬን እዛው አስተካክላለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የቀረው ፈቃዱ ነው፣ ማደያ በጄሪካን ዝም ብሎ አይቀዳም ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደብዳቤውን እኔ አረቅቀዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሆነና ማን እንደሚረከብ ይጻፍበታል። የማርቆስ፣ የእንጅባራና የፍኖተ ሰላም ልጆች የመኪናችሁን ዓይነትና ሲሲውን እስከ ዓርብ ላኩልኝ፣ 20 ሊትር ካልበቃ ደብዳቤው ሳይታተም ማወቅ አለብኝ።