ከቶንሲል ባክቴሪያ የሚከላከል የፔፕታይድ ክትባት ለምን ናኖፓርቲክል ያስፈልገዋል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ወደ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመራ እንደሚችል፣ ታማሚዎቹም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን እየተወጉ ለዓመታት እንደሚቆዩ የታወቀ ነው። በአምጪው ባክቴሪያ፣ በግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ላይ የተዘጋጀው ጄ8 የተባለ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) በሊፖዞም (ከስብ በተሠራ ደቃቅ ከረጢት) ወይም በፒኤልጂኤ (በሰውነት ውስጥ በሚፈርስ ፖሊመር) ናኖፓርቲክል፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ሆኖ ሲሞከር አነበብሁ። ፔፕታይዱን ብቻውን መውጋት ለምን አይበቃም? ፔፕታይዱ የተቀዳበትን የባክቴሪያውን የገጽ ፕሮቲን፣ ሙሉውን ኤም ፕሮቲን መጠቀምስ አይቀልም ነበር?

መልስ ሰጪ አንድ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። የኤም ፕሮቲን አንዳንድ ክፍሎች ማዮሲንን ከመሳሰሉ የልብ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሙሉውን መስጠት ልንከላከለው የፈለግነውን ጉዳት ራሱን ሊቀሰቅስ ይችላል የሚል ሥጋት አለ። ከዚህም በላይ የፕሮቲኑ ጫፍ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ከ200 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል፤ ወደ ባክቴሪያው ግድግዳ የቀረበው ክፍል ግን እምብዛም አይለዋወጥም። ጄ8 የተቀዳውም ከዚያ ነው። ካሉት 28 አሚኖ አሲዶች የባክቴሪያው 12ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ጥምዝ ቅርፁን እንዲይዝ ከእርሾ ፕሮቲን የተጨመሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁራጭ ከአደጋ የራቀ ቢሆንም ኢንዛይሞች ቶሎ ይቆራርጡታል፤ የመከላከያ ህዋሳትም ብዙም ልብ አይሉትም። ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር የሚደርስ ቅንጣት ግን በራሱ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይፈስሳል፤ በገጹ ላይ የተደረደሩት ብዙ የፔፕታይዱ ቅጂዎችም ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጨውን ቢ ህዋስ በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ይይዙታል።

መልስ ሰጪ ሁለት፦ የመጠን ነገር ከሚገባው በላይ የሚጋነን ይመስለኛል። ቢ ህዋሱን የሚያግዙት ረዳት ቲ ህዋሳት ካልተቀሰቀሱ ቅንጣቱ ምንም ያህል ቢያንስ ዘላቂ ፀረ እንግዳ አካል አይገኝም፤ ጄ8 በሰው ላይ ሲሞከር ከዲፍቴሪያ ቶክሶይድ (ጉዳት እንዳያደርስ ከተለወጠ የዲፍቴሪያ መርዝ) ጋር የተጣመረውም ለዚሁ ነው። ፒኤልጂኤን በተመለከተ፣ ቅንጣቱ ሲሠራ ኦርጋኒክ ሟሚ፣ ሲፈርስ ደግሞ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ስላለ፣ ቅርፁ ወሳኝ ለሆነ ፔፕታይድ አልመርጠውም። ፔፕታይዱ በስብ ጅራት ሊፖዞሙ ላይ ተተክሎ ወደ ውጭ ቢታይ ይሻላል፤ ሊፖዞምም ቢሆን ያለ ስኳር መከላከያ ከቀዘቀዘ እርስ በርሱ ይዋሐዳል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቅርፁ እንዳልተበላሸ በምን ይረጋገጣል?

መልስ ሰጪ ሁለት፦ በሰርኩላር ዳይክሮይዝም (የሞለኪውልን ቅርፅ በብርሃን በሚለይ መለኪያ) ነው፤ ጥምዙ ካለ በ208 እና በ222 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ ሁለት ዝቅታዎች ይታያሉ። ሊፖዞም ብርሃን ስለሚበትን ፔፕታይድ የሌለበትን ባዶውን ሊፖዞም ለይተው ይለኩና ንባቡን ይቀንሱ። ከዚያ በኋላ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል ከፔፕታይዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባክቴሪያው ከራሱ ጋር መጣበቁን ይፈትሹ።